በፉድ ስታምፕ ካርድ ፋርማሲ ውስጥ ምን ይገዛል? የመድኃኒቱ ደረሰኝስ ለምን ይጠቅማል?

የደረሰን ጥያቄ ይህ ነው፦ «እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በአረጋውያን አፓርታማ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ስኳርና ደም ግፊት አለባት። በወር 90 ዶላር ፉድ ስታምፕ ታገኛለች። መኪና ስለማትነዳ የሚቀርባት ከመንገዱ ማዶ ያለው ሲቪኤስ ፋርማሲ ነው። ወተትና እንቁላል ስትገዛ ካርዱ ይሠራል። ባለፈው ሳምንት ግን ታይሌኖል፣ ቫይታሚንና የሳል ከረሜላ ጨምራ ካሸሩ ‹አይሆንም› አላት። ሰው ፊት አፍራ ሁሉንም ትታ መጣች። ጎረቤቷ ደግሞ እዚያው ሱቅ ‹እኔ በካርዴ መድኃኒት እገዛለሁ› ትላታለች። ካሸሩ አድልቶባት ነው? ወይስ ካርዱ ተበላሽቶ? ሌላው ጥያቄዬ፣ አዲስ አበባ ላለችው የእህቴ ልጅ የሕፃን ወተት በዚሁ ካርድ ገዝታ በሰው እጅ መላክ ትችላለች?»

ካርዱ አልተበላሸም፤ ካሸሩም አላዳላም። በፉድ ስታምፕ የሚገዛውንና የማይገዛውን የሚለየው ካሸሩ ሳይሆን የሱቁ ማሽን ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ባርኮዱ ሲነበብ «ምግብ ነው» ወይም «ምግብ አይደለም» ተብሎ አስቀድሞ ተመዝግቧል። እናትዎ ካርዳቸውን አስገብተው ፒን ሲመቱ ማሽኑ የምግቡን ድምር ብቻ ከሂሳባቸው ይቀንስና ለቀረው ሌላ ክፍያ ይጠይቃል። በዚያ ዕለት መሆን የነበረበት ወተቱና እንቁላሉ በካርዱ ተከፍሎ፣ ታይሌኖሉ፣ ቫይታሚኑና የሳል ከረሜላው በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ካርድ እንዲከፈል፣ ካልፈለጉም እንዲቀር ነው። ማሽኑ «ይህን ያህል ይቀራል» ሲል የቸኮለ ካሸር «አይሆንም» ብሎ ያሳጥረዋል፤ ቋንቋው የማይመቸው ሰው ደግሞ ካርዱ በሙሉ የተከለከለ ይመስለዋል። ሁሉንም ትቶ መውጣት አያስፈልግም ነበር። እናትዎ ከምንም በፊት ይህን ቢያውቁት ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ብዙ እናቶች አንድ ጊዜ እንዲህ ካፈሩ በኋላ ወደዚያ ሱቅ ድርሽ አይሉም።

«ፋርማሲ ስለሆነ መድኃኒቱም በካርዱ ይሄዳል» የሚለው ግምት የተለመደ ስሕተት ነው። «ፋርማሲ ስለሆነ ፉድ ስታምፕ አይቀበልም» የሚለውም እንዲሁ። ሱቁ ስሙ ምንም ይሁን፣ የተወሰነ ዓይነት መሠረታዊ ምግብ በመደርደሪያው ካለውና ከአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ፈቃድ ካወጣ ካርዱን ይቀበላል። ምግቦቹ አራት ምድብ ናቸው፦ ሥጋና ዓሣ፣ ዳቦና እህል፣ አትክልትና ፍራፍሬ፣ እንዲሁም ወተትና የወተት ውጤት። ፈቃዱ የሚሰጠው ለኩባንያው በጅምላ ሳይሆን ለየቅርንጫፉ ነው። አብዛኞቹ የሲቪኤስና የዎልግሪንስ ቅርንጫፎች አላቸው፤ በሩ ላይ ወይም ካሸሩ አጠገብ የተለጠፈውን «ኢቢቲ» (የፉድ ስታምፕ ካርዱ መጠሪያ) የሚል ምልክት ማየት ይበቃል። ራይት ኤይድ የተባለው ፋርማሲ በ2025 ሱቆቹን ዘግቷልና ከእሱ ወደ ሌላ የተዛወሩ እናቶች አዲሱን ቅርንጫፍ አንድ ጊዜ ያረጋግጡ።

በሌላ በኩል ሱቁ የሚሸጠው ሁሉ አይገዛም። ፕሮግራሙ በ2008 ስሙ ከፉድ ስታምፕ ወደ ስናፕ ተቀየረ እንጂ ሕጉ ለምን እንደወጣ አልተቀየረም፤ ቤት ተወስዶ ለሚበላ ምግብ ብቻ ነው። መድኃኒት፣ ቫይታሚን፣ ሳሙና፣ ሻምፑ፣ ሶፍት፣ ዳይፐር፣ የድመት ምግብ፣ ሲጋራና አልኮል አይገባም። ሲሸጥ ትኩስ የሆነ ምግብም አይገባም። ቀዝቃዛው ሳንድዊች ያልፋል፣ ትኩሱ ቡና አያልፍም። ዳይፐርና ሳሙና አለመካተታቸው ቤተሰቦችን እንደሚጎዳ በየቀኑ አያለሁ፤ ሕጉ ግን እስካሁን ይኸው ነው።

እንግሊዝኛ ለማይቀናቸው እናቶች የማስተምረው አንድ ዘዴ አለ፦ ዕቃውን ገልብጦ ጀርባውን ማየት። በአሜሪካ ሱቅ ከሚገኙት ከእነዚህ ዕቃዎች ጀርባ ከሦስት ሣጥኖች አንዱ ይኖራል። «ኑትሪሽን ፋክትስ» የሚል ከሆነ በሕግ ዓይን ምግብ ነው፤ አልኮልና ትኩስ ነገር ካልሆነ በቀር ካርዱ ይከፍለዋል። «ሰፕልመንት ፋክትስ» የሚል ከሆነ ማሟያ ነው፤ አይከፍልም። «ድራግ ፋክትስ» የሚል ከሆነ መድኃኒት ነው፤ አይከፍልም። እናትዎ ሦስቱን ቃላት በአማርኛ ፊደል ትንሽ ወረቀት ላይ ከእንግሊዝኛው ጋር ጽፈው ቦርሳቸው ውስጥ ቢይዙ ሱቁ ውስጥ ማንንም መጠየቅ አይኖርባቸውም።

የሳል ከረሜላው ጥሩ ምሳሌ ነው። ሲያዩት ከረሜላ ነው፣ ሲቀምሱት ከረሜላ ነው፣ ይጣፍጣል። ጀርባው ላይ ግን «ድራግ ፋክትስ» ተጽፎበታል፣ ምክንያቱም ጉሮሮ የሚያደነዝዝ ወይም ሳል የሚያስታግስ ንጥረ ነገር አለው። ሁለት መደርደሪያ አልፎ ያለው ማር ግን «ኑትሪሽን ፋክትስ» ስላለበት ያልፋል። ዝንጅብልና ሎሚም እንዲሁ። እናትዎ ለሳል ማርና ዝንጅብል እያፈሉ ልጆች ያሳደጉ ከሆነ የሚያምኑት መድኃኒት በካርዱ ይገዛል ማለት ነው፤ ስኳር ስላለባቸው ግን ማሩን በልክ። ሻይ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ተራው ሻይ ምግብ ነው፣ አንዳንዱ «ለጉሮሮ»፣ «ለእንቅልፍ» የሚል የቅጠል ሻይ ግን የማሟያ ሣጥን አለበት። በዱቄት የሚመጣው የቫይታሚን ሲ መጠጥም ብዙ ጊዜ ማሟያ ነው።

ተቃራኒውም አለ፤ የሚገዛውን «አይገዛም» ብለው የሚተዉት። ኢንሹር እና ግሉሰርና የሚባሉት ጠርሙስ መጠጦች ከቫይታሚኑ ጎን ስለሚደረደሩ ብዙ ሰው መድኃኒት ይመስሉታል። ጀርባቸው ላይ ያለው ግን «ኑትሪሽን ፋክትስ» ነው፤ በካርዱ ይገዛሉ። ግሉሰርና የስኳር ሕመም ላለባቸው የተዘጋጀ ስለሆነ እናትዎን ሊጠቅም ይችላል፤ መውሰድ ያለባቸው መሆኑን ግን ሐኪማቸው ይንገራቸው። የደም ስኳር ድንገት ሲወርድ ለሚጠጣ ጭማቂ በትናንሽ ጣሳ መያዝም ይችላሉ፤ ያም ያልፋል። በጸደይ ወራት በአንዳንድ ፋርማሲ በር ላይ የሚቆመው የዘር መደርደሪያም አይረሳ። የሚበላ ነገር የሚያበቅል ዘርና ችግኝ በስናፕ ይገዛል። በአፓርታማ ሰገነት ላይ ቃሪያና ጎመን ያበቀሉ እናቶች አውቃለሁ፤ አንድ ፓኬት ዘር በጋውን በሙሉ ይመግባል።

ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ ላይ አንድ አዲስ ነገር አለ። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ኢንዲያና፣ አዮዋ፣ ነብራስካ፣ ዩታና ዌስት ቨርጂኒያ ለስላሳ መጠጥ በስናፕ እንዳይገዛ አግደዋል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከረሜላንም ጨምረዋል። ሌሎች ስቴቶችም እየተከተሉ ነው። በእነዚያ ስቴቶች የምትኖሩ ከላይ የነገርኳችሁ የሣጥን ዘዴ ለለስላሳ መጠጥና ለከረሜላ ብቻውን አይበቃችሁም።

አሁን ወደ ጎረቤታቸው እንምጣ። አልዋሹም፤ ግን የሚያወሩት ስለ ሌላ ገንዘብ ነው። አንደኛው ዕድል፣ ኢንዲፔንደንስ ካርድ የሚባለው የሜሪላንድ የፉድ ስታምፕ ካርድ ሁለት ሂሳብ ስለሚይዝ ነው። አንዱ የምግብ ሂሳብ ነው፣ ሌላው የጥሬ ገንዘብ ሂሳብ ነው። የጥሬ ገንዘብ እርዳታ የሚያገኝ ሰው ማሽኑ ላይ «ኢቢቲ ካሽ» የሚለውን ሲመርጥ ሳሙናም ታይሌኖልም ይገዛል። እናትዎ የጥሬ ገንዘብ እርዳታ ከሌላቸው ያ ሂሳብ ባዶ ነው፤ ቢጫኑትም ምንም አያመጣም። ሁለተኛውና በዚህ ዕድሜ ይበልጥ የሚያጋጥመው ደግሞ የኦቲሲ ካርድ ነው። ሜዲኬርን (የመንግሥትን የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚባለው ኢንሹራንስ ያላቸው አረጋውያን፣ በተለይም ሜዲኬርና ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ የሚሰጠው የጤና ሽፋን) አብረው ያላቸው፣ ከኢንሹራንሱ ኩባንያ ያለማዘዣ ለሚሸጡ መድኃኒቶች የሚሆን ካርድ በፖስታ ይላክላቸዋል። ያ ካርድ ሲቪኤስና ዎልግሪንስን በመሰሉ ሱቆች ይሠራል። ከፉድ ስታምፕ ጋር ግንኙነት የለውም።

ይህን ለእናትዎ ዛሬውኑ ያጣሩላቸው። የኢንሹራንስ ካርዳቸው ጀርባ ላይ ባለው ስልክ ይደውሉ፣ «የኦቲሲ አበል አለኝ ወይ?» ብለው ይጠይቁ፣ አስተርጓሚም ይጠይቁ፣ በነጻ ነው። ሳይከፈት ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ከኩፖን ጋር የተቀመጠ ካርድ ስንት ጊዜ አግኝቻለሁ። ይህን የሚያስቸኩለው ብዙዎቹ አበሎች በወሩ ወይም በሦስት ወሩ መጨረሻ ያልተጠቀሙበትን የሚያቃጥሉ መሆናቸው ነው። የፉድ ስታምፕ ባላንስ ግን ወደሚቀጥለው ወር ይተላለፋል፤ የሚወሰደው ካርዱ ለዘጠኝ ወር ያህል ጨርሶ ሳይነካ ከቆየ ነው። ስለዚህ ቀኑ የሚያልቀውን ያስቀድሙ።

ካሸሩ ጋር ሲቆሙ ምግቡን በአንድ ወገን፣ ሌላውን በሌላ ወገን ይደርድሩት። ሕጉ አያስገድድም፤ ማሽኑ ራሱ ይለያል፤ ግን ግርግሩን ይቀንሳል። መጀመሪያ ኢቢቲ፣ ቀጥሎ ሌላው። ካሸሩ ቢሳሳት «ኢቢቲ ፉድ ብቻ» ማለት በቂ ነው። ሱቁ የፉድ ስታምፕ ደንበኛን ከሌላው ለይቶ ማስተናገድ፣ ለብቻው ሰልፍ ማቆም ወይም ቅናሹን መንፈግ አይፈቀድለትም። የአባልነት ስልክ ቁጥራቸውን አስመዝግበው የሳምንቱን ቅናሽ ዋጋ ያግኙ፤ የኢቢቲ ደንበኛም ይገባዋል። በስናፕ በተከፈለ ምግብ ላይ የሽያጭ ታክስ አይጨመርም። የከረጢት ዋጋና ወደ ቤት የማድረሻ ክፍያ ግን በካርዱ አይሄድም፤ ከረጢት ይዘው ይሂዱ። ዕቃ ቢመልሱ ገንዘቡ ወደ ካርዱ ይገባል እንጂ በእጅ አይሰጥም።

እንግዲህ «ይቻላል» ማለት «ያዋጣል» ማለት አይደለም። በወር 90 ዶላር ላላቸው ሰው ፋርማሲ ዋና ገበያ ሊሆን አይገባም። ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ የታሸገው ባቄላ ከትልቅ ግሮሰሪ የሚወደድ ነው። ትክክለኛውን ልዩነት ለማየት ከዋጋው በታች በትንሹ የተጻፈውን የአንድ አውንስ ዋጋ ያነጻጽሩ። አትክልት ደግሞ ከነጭራሹ እምብዛም የለም፤ ለስኳር ሕመምተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፋርማሲውን በረዶ ለጣለበት ቀን፣ ለጎደለች አንድ ጋሎን ወተት፣ በእውነት ዋጋ ለቀነሱበት ሳምንት ይተዉት። ዋናውን ገበያ እርስዎ በወር ሁለት ጊዜ በመኪና ይውሰዷቸው። በሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ኢቢቲ የሚቀበሉ አሉ፤ ጤፍ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ቀዝቃዛ እንጀራ ሁሉም በካርዱ ይገዛል። በበጋ የገበሬዎች ገበያ ሲከፈት ሜሪላንድ ማርኬት መኒ የሚባለው ፕሮግራም ባለባቸው ገበያዎች በኢቢቲ ላወጡት ገንዘብ ተጨማሪ የመግዣ ገንዘብ ይሰጣል፤ ጎመንና ቲማቲም ከዚያ ይግዙ።

እስካሁን የመለስኩት የጠየቁኝን ነው። ከሁሉ የሚበልጠውን ግን አልጠየቁኝም። ፉድ ስታምፕ መድኃኒት አይገዛም፤ መድኃኒት የተገዛበት ደረሰኝ ግን ፉድ ስታምፑን ሊያሳድገው ይችላል።

እንዴት መሰለዎ። ዕድሜው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው፣ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት እንደ ኤስኤስአይ ያለ ድጋፍ የሚያገኝ ሰው፣ ከኪሱ ለሕክምና የሚያወጣው ገንዘብ በወር ከ35 ዶላር ካለፈ፣ ያለፈው ከገቢው ላይ ተቀንሶ ይሰላል። መሥሪያ ቤቱ የሚያስበው የተጣራ ገቢዎን 30 በመቶ ለምግብ ታወጣላችሁ ብሎ ነው፤ ስለዚህ የሚቆጠረው ገቢ በ100 ዶላር ሲቀንስ ፉድ ስታምፑ በ30 ዶላር ገደማ ከፍ ይላል። እናትዎ ለመድኃኒት ኮፔይ (ኢንሹራንሱ ከከፈለ በኋላ ለሚቀረው የራሳቸው ድርሻ)፣ ለስኳር መለኪያ ወረቀት፣ ሐኪም ላዘዘላቸው ታይሌኖል፣ ወደ ክሊኒክ ለመሄጃ ታክሲ በወር 115 ዶላር ከኪሳቸው ያወጣሉ እንበል። 35ቱ ሲነሳ 80 ይቀራል። የ80 ዶላር 30 በመቶ 24 ዶላር ነው። በየወሩ 24፣ በዓመት 288 ዶላር ምግብ። በወር 90 ዶላር ለሚያገኝ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሚቆጠሩት ሐኪም ያዘዛቸው መድኃኒቶች፣ ያለማዘዣ የሚሸጡ ሆነው ሐኪም የፈቀዳቸው፣ የሕክምና ዕቃዎች፣ የጤና ኢንሹራንስ ወርሃዊ ክፍያ፣ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የመስማት መርጃ መሣሪያ፣ ወደ ሐኪምና ወደ ፋርማሲ የመሄጃ ትራንስፖርት ናቸው። ኢንሹራንስ የከፈለው አይቆጠርም፤ እርስዎ ከኪስዎ ያወጡት ብቻ። የተለየ የአመጋገብ ወጪም አይቆጠርም፤ ስለዚህ ግሉሰርናው በካርዱ ይገዛል እንጂ በሕክምና ወጪ አይመዘገብም። ታይሌኖሉ ደግሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ በካርዱ አይገዛም፣ ሐኪም ከፈቀደው ግን በሕክምና ወጪ ይመዘገባል። በዚያን ቀን ያሳፈራቸው ዕቃ ማለት ነው።

ገደቡንም ግን ማወቅ አለብዎ። ከፍተኛውን መጠን ቀድሞ ለሚያገኝ ሰው ደረሰኙ ምንም አይጨምርለትም፤ ለአንድ ሰው ቤት ጣሪያው ከኦክቶበር 2025 እስከ ሴፕቴምበር 2026 ድረስ 298 ዶላር ነው። ወጪው ከ35 ዶላር በታች ለሆነም እንዲሁ። አንዳንድ ስቴቶች ደግሞ ትክክለኛውን ወጪ ከመደመር ይልቅ አንድ የተወሰነ ቋሚ ቅናሽ ይሰጣሉ። እናትዎ ግን 90 ዶላር እያገኙ ሁለት ሥር የሰደደ ሕመም ይዘው ይህ ሳይታሰብላቸው ቀርቶ ከሆነ በየወሩ የሚገባቸውን እያጡ ነው። የቤት ኪራያቸውና የመብራት ወጪያቸው በትክክል መመዝገቡንም አብረው ይዩ፤ 60 ዓመት ያለፈው ሰው ባለበት ቤት የመኖሪያ ቤት ወጪ ቅናሽ ጣሪያ የለውም።

ይህን ያህል የምወተውትበት ምክንያት አለኝ። አንዲት እናት የእድሳት ቅጽ ለመሙላት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ቅጹ ላይ «የሕክምና ወጪ» የሚለው ባዶ ነበር። «መድኃኒት አይገዙም?» አልኳቸው። ከቦርሳቸው የዳቦ ከረጢት አወጡና ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት፤ የፋርማሲ ደረሰኝ ብቻ፣ በላስቲክ እየታሰረ፣ አንዳንዱ ቀለሙ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት የሆነ። «ልጄ፣ ለግብር ይጠይቁ ይሆናል ብዬ ነው የማስቀምጠው» አሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከፉድ ስታምፕ መሥሪያ ቤት ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም መናገር እንደሚችሉ አላወቁም። ከዚያ ወዲያ ጨመሩላቸው፤ ያለፈው ሦስት ዓመት ግን አልተመለሰም። ያን ከረጢት አልረሳውም።

ደረሰኙ ቀለሙ ስለሚጠፋ ከረጢት አይመከርም። ፋርማሲስቱ ጋ ሄደው የአሥራ ሁለት ወር የመድኃኒት ዝርዝር ከከፈሉት ገንዘብ ጋር እንዲያትምላችሁ ይጠይቁ። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው፣ ለግብር ጊዜ ሰዉ ሁሉ ያወጣዋል። ላለማዘዣው መድኃኒት ከሐኪሙ አጭር ደብዳቤ ይውሰዱ። የትራንስፖርቱን ቀንና ርቀት ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሦስቱን አንድ ላይ አድርገው ለሞንትጎመሪ ካውንቲ የጤናና ሰብአዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ያስገቡ፤ የእድሳቱን ጊዜ አይጠብቁ፣ በማንኛውም ወር ማሳወቅ ይቻላል። ያስገቡበትን ቀን የሚያሳይ ማረጋገጫ ይቀበሉ። ወረዳው ዲሲ ወይም ቨርጂኒያ ለሆነ አንባቢም አሠራሩ በመሠረቱ ያው ነው፤ ዲሲ ውስጥ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት በአማርኛ መስተናገድ መብት ነው፣ «አስተርጓሚ የለም» የሚል መልስ አይቀበሉ።

ለመድኃኒቱ ራሱ ክፍያ ደግሞ ሌላ በር ያንኳኩ። እናትዎ ሜዲኬይድ ካላቸው፣ ሐኪሙ ለታይሌኖሉም ማዘዣ ይጻፍላቸው፤ ሜዲኬይድ ያለማዘዣ ከሚሸጡት አንዳንዶቹን ማዘዣ ሲኖር ይሸፍናል። ሜዲኬር ካላቸው «ኤክስትራ ሄልፕ» የሚባለው ፕሮግራም የመድኃኒት ኮፔይን ይቀንሳል፤ ሜዲኬይድ ወይም ኤስኤስአይ ላለው በራሱ ይገባል፣ ሌላው ለሶሻል ሴኩሪቲ ያመለክታል። ኢንሱሊን ከ2023 ጀምሮ በሜዲኬር በወር ከ35 ዶላር በላይ አያስከፍልም፤ ከዚያ በላይ ከተጠየቁ ይከራከሩ።

የሕፃን ወተቱን ጥያቄ በተመለከተ መልሴ አይቻልም ነው። የሕፃን ፎርሙላ በስናፕ ይገዛል፣ ግን ካርዱ የተሰጠው እናትዎና በቤታቸው አብሮ የሚበላ ሰው ለሚበሉት ነው። ገዝቶ ወደ አገር ቤት መላክ ከሕጉ ውጭ ነው። የእህትዎ ልጅ የሚያስፈልጋትን አውቃለሁ፣ ሻንጣ ውስጥ ወተት ያልላከ ቤተሰብ በመካከላችን አይገኝም። ያንን ግን እርስዎ በራስዎ ገንዘብ ይግዙት። ካርድን ለሰው አከራይቶ ጥሬ ገንዘብ መቀበልም፣ «ግዛልኝና ግማሹን በካሽ ስጠኝ» ማለትም ወንጀል ነው፤ እናትዎ እርዳታውን ሊያጡ ይችላሉ። መውጣት ሲያቅታቸው ሌላ ሰው እንዲገዛላቸው ከፈለጉ ስሙን በመሥሪያ ቤቱ አስመዝግበው በወኪልነት ማስወከል ይቻላል።

አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ። አብዛኞቹ የኢቢቲ ካርዶች ቺፕ የላቸውም፤ ሌቦች ማሽኑ ላይ ስስ መሣሪያ ለጥፈው ቁጥሩንና ፒኑን ይገለብጡና ገንዘቡ በገባበት ሌሊት ያራቁቱታል። ፌዴራል መንግሥት የተሰረቀውን የሚተካበት ሕግ በዲሴምበር 20 ቀን 2024 አብቅቷል። ሜሪላንድ ገንዘቡን ከወሩ 4 እስከ 23 ባሉት ቀናት እንደየቤተሰብ ስሙ ያስገባል፤ የእናትዎ ቀን የትኛው እንደሆነ ይያዙና ከዋዜማው ፒኑን ይቀይሩላቸው፣ ካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ይቻላል። ከመጫናቸው በፊት የካርድ ማንበቢያውን ጫፍ ይዘው ይነቅንቁት፤ ከተነቃነቀ ሌላ ማሽን ይጠቀሙ። ፒኑን ሲመቱ በሌላ እጃቸው ይሸፍኑ። «ካርድዎ ተዘግቷል፣ ቁጥርዎን ይላኩ» የሚል የስልክ መልእክት ሲመጣ አይመልሱ።

ስለዚህ የምመክርዎ ይህ ነው። ቅዳሜ እናትዎን ይዘው ወደዚያው ሲቪኤስ ይመለሱ፣ ያው ሰልፍ ላይ ይቁሙ። ወተቱና እንቁላሉ በካርዱ ይከፈል፣ ታይሌኖሉን በጥሬ ገንዘብ ይክፈሉና ደረሰኙን ይያዙ። ከዚያ ሳይወጡ ወደ ኋላ፣ ወደ መድኃኒት መስኮቱ ይሂዱና የአሥራ ሁለት ወሩን ዝርዝር አሳትሙ። ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ እጅ ይግባ።